የ1954ቱ ጎድዚላ ሳውንድትራክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎድዚላ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጭራቁ፣ የሚፈርሱት ህንፃዎች፣ ከአፉ የሚተፋው ጨረር ምናምን ነው። እኔን ግን ሁሌም ይዞ የሚያስቀረኝ ሙዚቃው ነው፣ በተለይ የመጀመሪያው ፊልም ሙዚቃ። አልበሙን ለሰው ባሰማሁ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች አንድ አይነት ስለሆኑ እዚህ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ጎድዚላ እኮ ብዙ ነው፣ የቱን ነው የምታወራው?

የመጀመሪያውን፣ ጥቁርና ነጩን። ቶሆ የሚባለው የጃፓን ፊልም ኩባንያ ያወጣው በፈረንጆች ኖቬምበር 3 ቀን 1954 ነው፣ በኛ ጥቅምት 24 ቀን 1947 ማለት ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ፣ ፕሮዲውሰሩ ቶሞዩኪ ታናካ፣ ጭራቁንና የሚፈርሰውን ከተማ የሰራው ደግሞ ኤጂ ትሱቡራያ። ጃፓኖቹ ጎጂራ ነው የሚሉት፣ ጎሪላና ኩጂራ ተቀላቅለው የወጣ ስም ነው፣ ኩጂራ በጃፓንኛ ዓሣ ነባሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ሙዚቃውን ከመስማታችሁ በፊት መታወቅ አለበት። በዛው ዓመት ማርች 1 አሜሪካ ቢኪኒ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች፣ በአካባቢው ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ የአንዲት የጃፓን ጀልባ 23 ሰዎች ላይ የራዲዮአክቲቭ አመድ እንደ በረዶ ዘነበባቸው። የጀልባዋ ስም ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ ነው። የጀልባዋ ሬዲዮ ሰራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ ሴፕቴምበር 23 ላይ ሞተ፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው ከዛ ቀን ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። አሁን አልበሙን ክፈቱና ከዋናው መግቢያ ቀጥሎ ያለውን ትራክ ስሙት፣ ኤኮ ማሩ የምትባል መርከብ ባህር ላይ ድንገት በብርሃን ተውጣ ስትሰምጥ ነው። ያኔ ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ጃፓናዊ ይሄ ስለ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ገብቶታል፣ እኛ ግን ከ70 ዓመት በኋላ ስለሆነ የምንሰማው ካልተነገረን ያልፈናል።

ሙዚቃውን የሰራው ማነው?

አኪራ ኢፉኩቤ። የሱን ታሪክ ሳላወራ ስለ አልበሙ ማውራት አልችልም ስለዚህ ይሄኛው መልስ ይረዝማል።

የተወለደው 1914 ኩሺሮ ውስጥ ነው፣ ሆካይዶ የምትባለው የሰሜኗ ቀዝቃዛ ደሴት ላይ። ልጅ እያለ አባቱ ቶካቺ አካባቢ የመንደር አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙና ቤተሰቡ እዛ ሄደ፣ አካባቢው ደሞ አይኑ የሚባሉት የደሴቲቱ ነባር ህዝቦች የሚኖሩበት ነበር። ልጁ የአይኑዎችን ዘፈንና ጭፈራ እያየ አደገ፣ አንዲት አጭር ዜማ እየተደጋገመች እየተደጋገመች ሰውን ወደ ሌላ ስሜት ስትወስድ። ድግግሞሹን ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም፣ ጎድዚላም ውስጥ ቁጭ ብሏል። በወጣትነቱ የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የስትራቪንስኪን ስራ ሲሰማ ደሞ እኔም ሙዚቃ መፃፍ አለብኝ አለ።

ግን ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም! ሳፖሮ ከተማ ባለው ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ስለ ደን ነው፣ ሙዚቃውን በራሱ ነው ያጠናው። 1935 ላይ የጃፓን ራፕሶዲ የተባለ የኦርኬስትራ ስራ ፅፎ ፓሪስ ለተዳኘው ቼረፕኒን ለሚባል የሙዚቃ ደራሲዎች ውድድር ላከና አንደኛ ወጣ፣ 21 ዓመቱ ነበር። ከዛ በኋላም የደን ባለሙያ ሆኖ ነው የሰራው። በጦርነቱ ጊዜ ስለ እንጨት ጥንካሬ ምርምር እንዲሰራ ታዘዘ፣ ስራው ኤክስሬይ ነበረበት፣ እርሳስ የሚባለው ብረት በጦርነቱ ምክንያት ስለጠፋ ያለ መከላከያ ነው የሚሰሩት፣ በዚህ ምክንያት ጨረር ጎድቶት ጦርነቱ ሲያልቅ ታሞ ተኛ። የደን ስራው በዛ ቀረ። ሙዚቃ ሙሉ እንጀራው የሆነው ከዛ በኋላ ነው፣ ቶኪዮ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ቶሺሮ ማዩዙሚና ያሱሺ አኩታጋዋ የመሳሰሉ በኋላ ትልልቅ ስም ያወጡ ሰዎች ተማሪዎቹ ናቸው፣ ከ1947 ጀምሮ ደሞ ለፊልም መፃፍ ጀመረ። 1952 ላይ ካኔቶ ሺንዶ ስለ ሂሮሺማ ልጆች ለሰራው ፊልም ሙዚቃውን የፃፈው እሱ ነው።

እንግዲህ አስቡት፣ ጨረር በገዛ አካሉ የደረሰበት ሰው ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ሂሮሺማ ሙዚቃ የፃፈ ሰው ነው፣ አሁን በቦምብ ሙከራ ከባህር ስር ስለተቀሰቀሰ ፍጥረት ፃፍ ተባለ። ለዚህ ነው ይሄ ሙዚቃ የልጆች ጭራቅ ፊልም ሙዚቃ የማይመስለው። አንድም ቦታ ላይ ሲቀልድ አይሰማም።

ያቺ ዋናዋ ዜማ ለምንድነው ስከተላት እግሬ የሚሳሳተው?

ጆሮህ ልክ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ጊዜ በጣት እየቆጠርኩ ነው የደረስኩበት። ዜማዋ ዶ ሲ ላ ነው፣ ሶስት ኖታ፣ ወደ ታች የምትወርድ። ሙሉዋ ይሄው፦ ዶ ሲ ላ፣ ዶ ሲ ላ፣ ዶ ሲ ላ ሶ ላ ሲ ዶ ሲ ላ። አለቀ። አሁን ምቱን ስትቆጥሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዶ ሲ ላዎች ከነዕረፍታቸው አራት ምት ይሞላሉ፣ ሶስተኛዋ ረጅሟ ደሞ ከነዕረፍቷ አምስት ምት ትወስዳለች፣ ስለዚህ አራት አምስት አራት አምስት እያለ ይሄዳል። እግራችሁ ማርሽ ነው ብሎ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ማለት ይጀምራል፣ አምስተኛዋ ምት ስትጨመር ግን ቀኝ ላይ መውደቅ የነበረበት ግራ ላይ ይወድቃል። ወታደር ለመሰለፍ የተፃፈ ይመስላል ግን በዚህ ሙዚቃ የሚሰለፍ ወታደር ሁሉ ይደነቃቀፋል። ሰው ሁሉ ደንግጦ እየሮጠ ያለበት ፊልም ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ምት አይገኝለትም ባይ ነኝ።

ጃፓኖች ሲ የምትለዋን ኖታ ሺ ላን ደሞ ራ ነው የሚሏት፣ ስለዚህ ዶሺራ ዶሺራ ሲሉት ጎጂራ ጎጂራ ይመስላል። ልጆቹ እንደዛ እያሉ ይዘፍኑታል።

የጎድዚላ ዜማ ነች አይደል?

መጀመሪያ አልነበረችም! ይሄን ስናገር ብዙ ሰው ይከራከረኛል። በ1954ቱ ፊልም ውስጥ ይቺ ፈጣኗ ዜማ የምትመጣው ሰዎቹ ጎድዚላን ለመመከት ሲነሱ ነው፣ የጦር መኪና ሲንቀሳቀስ፣ ተዋጊ ጄቶች ሲመጡ። የመከላከያው ሙዚቃ ነች ማለት ነው። የጎድዚላ የራሱ ሙዚቃ ሌላ ነው፣ ቶኪዮን እያቃጠለ ሲሄድ የሚሰማው፣ ትሮምቦንና ቱባን የመሳሰሉት ከባዶቹ የናስ መሳሪያዎች ከታች እየጎተቱ የሚያጓሩት በጣም ዝግተኛው። እሱን ስትሰሙ ዜማ ሳይሆን ክብደት ነው የምትሰሙት። ሰው የጎድዚላን ስም ያገናኘው ግን ከፈጣኗ ጋር ነው፣ ምክንያቱም ፊልሙ መግቢያ ላይ ስሙ ሲፃፍ የምትሰማው እሷ ናት፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ እሱ ራሱ ኢፉኩቤም ለጭራቁ ሰጣት፣ አሁን የሱ ነች።

ደሞ ከጎድዚላም በፊት ነበረች። 1948 ላይ ለቫዮሊንና ኦርኬስትራ በፃፈው ኮንሰርቶ ውስጥ ቁልጭ ብላ ትሰማለች፣ እሱን ስራ ፈልጋችሁ ስሙት፣ ድንገት ጎድዚላ ብቅ ሲል የሚሰማችሁን ስሜት መግለፅ አልችልም።

ጩኸቱ ከምን እንስሳ ነው የተቀዳው?

ከምንም እንስሳ አይደለም። መጀመሪያ የተለያዩ የእንስሳት ድምፆች ሞክረው ነበር፣ አልሆነም፣ ሁሉም የታወቀ እንስሳ ይመስላል። ኢፉኩቤ ነው እንግዲህ ኮንትራባስ ይምጣ ያለው፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ቫዮሊን መሳይ መሳሪያ። ክሮቹን አላልተው፣ የጥድ ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት አድርገው ክሩን በእጅ ሙጭጭ አድርጎ መጎተት፣ ከዛ የተቀዳውን ድምፅ ፍጥነቱን ቀይሮ ማጫወት። ያ የሚያቃስት የሚመስል ድምፅ ከዛ የመጣ ነው። ስለዚህ ጩኸቱም ሙዚቃ ነው፣ በሙዚቃ መሳሪያ የተሰራ፣ በሙዚቃው ደራሲ የታሰበ። ለኔ ጩኸቱ ውስጥ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ህመም ያለበት የሚመስለኝ ለዛ ነው፣ ከክር የሚወጣ ድምፅ ማልቀስ ያውቅበታል፣ ማሲንቆ የሰማ ሰው ይሄን አይስተውም።

ታዲያ አልበሙ ላይ ጩኸቱ ለምን የለም?

ሙዚቃው ለብቻው ነው የሚቀዳው፣ ጩኸትና የእግር ኮቴ ፊልሙ ላይ ሲቀላቀል ነው የሚገባው። ፊልሙ ሲጀምር ከሙዚቃው በፊት ዱም ዱም የሚለው ኮቴና ጩኸቱ ነው የሚመጣው፣ አልበሙ ላይ ግን ኦርኬስትራው በቀጥታ ይጀምራል። አንዳንድ እትሞች መጨረሻ ላይ የፊልሙን ቅጂ ከነጩኸቱ ጨምረዋል፣ ሁለቱንም ስሙ።

ልጃገረዶቹ የሚዘምሩት ምንድነው?

የሰላም ፀሎት ይባላል። የአልበሙ ልብ ይሄ ነው፣ ዋናዋን ዜማ ብቻ ሰምቶ የሚዘጋ ሰው ሳገኝ በጣም የሚቆጨኝም በዚህ ነው።

ቦታው እንዲህ ነው። ቶኪዮ ተቃጥላለች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ድረስ ቁስለኛ ተኝቶበታል፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ላይ የጨረር መለኪያ መሳሪያ ሲያስጠጉ ይጮሃል፣ ዶክተሩ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ እናት ስትሞት ልጅ ታለቅሳለች። ሰሪዛዋ የሚባለው ሳይንቲስት ጎድዚላን ሊገድል የሚችል መሳሪያ በእጁ አለ፣ ኦክስጅንን ከውሃ ውስጥ የሚያጠፋ፣ ግን አይሰጥም፣ ምክንያቱም አንዴ ከታወቀ ፖለቲከኞች ሌላ ቦምብ ያደርጉታል ብሎ ነው የሚፈራው። ይለምኑታል እምቢ ይላል። በዚህ መሃል ቴሌቪዥኑ ላይ የተማሪ ልጃገረዶች አዳራሽ ሞልተው ሲዘምሩ ይታያል፣ ካሜራው የፈረሰውን ከተማና ቁስለኞቹን ያሳያል፣ መዝሙሩ ሰላም ሆይ ብርሃን ሆይ ቶሎ ተመለሱልን አይነት ነገር ነው የሚለው። ሰሪዛዋ ዝም ብሎ ያያል። ከዛ ይነሳና የምርምር ወረቀቶቹን ሁሉ ያቃጥላል፣ መሳሪያውን አንዴ ብቻ ሊጠቀምበት።

ልብ በሉ፣ ክርክሩ አላሳመነውም። ጓደኞቹ አላሳመኑትም። መዝሙሩ ነው ሀሳቡን ያስቀየረው። በሌሎች ፊልሞች ሙዚቃ ስሜታችንን ለመቀስቀስ ከውጪ ይጨመራል፣ እዚህ ግን ሙዚቃው ራሱ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ሰው ይለውጣል። ግጥሙን የፃፈው ሺገሩ ካያማ ነው፣ የፊልሙን መነሻ ታሪክ የፃፈው እሱው ራሱ፣ የዘመሩት ደሞ የቶሆ ጋኩዌን ተማሪዎች ናቸው (ቶሆ ፊልም ኩባንያውና ቶሆ ጋኩዌን ትምህርት ቤቱ ስማቸው በኛ ፊደል ይመሳሰላል እንጂ አይገናኙም)።

ዜማው ቀስ ያለ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ ልጃገረዶቹ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ጃፓንኛ ባልሰማም መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሙሾ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከድንኳኑ የሚመጣውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ትርጉም አይፈልግም።

በቅደም ተከተል ነው መስማት ያለብኝ ወይስ እየመረጥኩ?

የመጀመሪያውን ጊዜ እባካችሁ በቅደም ተከተል። ብዙዎቹ ትራኮች አጫጭር ናቸው፣ ጥቂት ደቂቃም የማይሞሉ አሉ፣ ፊልሙ ራሱ 96 ደቂቃ ሆኖ ሙዚቃ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው፣ ኢፉኩቤ ዝምታ አይፈራም። መርከቦቹ ይሰምጣሉ፣ ከዛ ኦዶ በምትባለው የፊልሙ ደሴት ላይ ያለው የባህል ጭፈራ ይመጣል፣ በዋሽንትና ከበሮ፣ ድሮ ደሴቲቱ ዓሣ ስታጣ ሴት ልጅ ለጎጂራ ትገብር ነበር፣ አሁን የቀረው ይቺ ጭፈራ ብቻ ነች ይላሉ ሽማግሌው። እሷን ትራክ ብቻዋን ብትሰሟት ደስ የምትል የበዓል ሙዚቃ ናት፣ ከመርከቦቹ ቀጥሎ ስትሰሟት ግን ትከብዳለች። ቀጥሎ የመርከበኞቹ ማርሽ አለ፣ ብሩህና ኩሩ፣ ባህሩን በቦምብ ሊደበድቡ ሲወጡ፣ እንደማይሰራ እናውቃለን። ከዛ በኋላ ነው ከተማው የሚነደው።

ድምፁ ያረጀ ነው፣ የተሻለ ስቴሪዮ የለም?

የለም፣ የተቀዳው በሞኖ ነው (ግራና ቀኝ ያልተለየ አንድ ድምፅ)፣ ስቴሪዮ የሆነ ካገኛችሁ ወይ በኋላ በሌላ ኦርኬስትራ የተቀዳ ነው ወይ በኮምፒውተር የተለጠጠ ነው። ትንሽ ሹሹታ አለው፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፣ ግን ናሶቹ ሲያጓሩ ያለው ክፋት የሚሰማው ከዛ ቅጂ ነው። ብቻ በስልክና በላፕቶፕ ስፒከር አትስሙት! ኢፉኩቤ ክብደቱን ሁሉ ያስቀመጠው ታች ነው፣ ቤዙ ከሌለ ግማሹ ሙዚቃ የለም። ሄድፎን አድርጉ።

ጥርት ያለ ቅጂ የምትፈልጉ ከሆነ የሲምፎኒክ ፋንታዚያ ቁጥር 1ን ፈልጉ፣ ኢፉኩቤ ራሱ የጭራቅ ፊልሞቹን ሙዚቃ አገጣጥሞ ለኮንሰርት ያዘጋጀው ነው፣ 1983 ላይ ነው መጀመሪያ የቀረበው፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በትልቅ ኦርኬስትራ ዶ ሲ ላ ሲገባ ፀጉር ያቆማል። መዝሙሩ ግን እሱ ላይ የለም ስለዚህ አልበሙን አይተካም።

የቱን እትም ልግዛ?

ጃፓን ውስጥ በሸክላም በሲዲም በተለያየ ጊዜ ወጥቷል። ከጃፓን ውጪ ላላችሁ የአሜሪካው ላላ ላንድ ሬከርድስ በ2004 ለፊልሙ 50ኛ ዓመት ያወጣው ሲዲ ጥሩ ነው፣ ሸክላ የምትሰበስቡ ደሞ ዋክስወርክ ሬከርድስ ከ1954 እስከ 1975 ያሉትን የ15ቱን ፊልሞች ሙዚቃ በአንድ ትልቅ ሳጥን አድርጎ አውጥቷል፣ ውድ ነው። አንድ ፊልም ብቻ ለምትፈልጉ ሲዲው ይበቃል።

አዳዲሶቹ ፊልሞች ላይ ያለውም የሱ ነው?

ሁሉም አይደለም። እንዲያውም 1955 ላይ የወጣው ሁለተኛው ፊልም ሙዚቃ የማሳሩ ሳቶ ነው። ኢፉኩቤ ለጎድዚላ ለመጨረሻ ጊዜ የፃፈው በ1995 ነው፣ ያረፈው ደሞ 2006 ላይ በ91 ዓመቱ። ዜማው ግን አልሞተም፣ በ2016ቱ ሺን ጎድዚላ ላይ የድሮዎቹን ቅጂዎች እንዳሉ ነው ያስገቧቸው፣ በ2019ኙ የአሜሪካ ፊልም ላይ ቤር ማክሪሪ በራሱ አቀናብሮ አመጣት፣ በ2023ቱ ጎድዚላ ማይነስ ዋን ላይም ናኦኪ ሳቶ ከራሱ ሙዚቃ ጋር አዋህዷታል። ማይነስ ዋን ላይ መርከቦቹ ሲወጡ ዶ ሲ ላ ስትገባ ያለቀስኩት ለዚህ ነው፣ ወደ ድሮ ቦታዋ ነው የተመለሰችው፣ ጭራቁን ሊመክቱ ወደሚነሱት ሰዎች።

ጭራቁ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ ታዲያ ሙዚቃው ለምን ደስ አይለውም?

ሰሪዛዋ የመጥለቂያ ልብስ ለብሶ መሳሪያውን ይዞ ወደ ባህሩ ወለል ይወርዳል። ጎድዚላ እዛ ነው ያለው፣ ቁጭ ብሏል፣ አይዋጋም። እዚህ ቦታ ላይ ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ከበሮና መለከት ያስገባ ነበር፣ ኢፉኩቤ ግን ቫዮሊኖቹንና ቼሎዎቹን በቀስታ ለቀቃቸው፣ እንደ ቀብር። ጎድዚላም በቦምቡ የተቃጠለ ነው እኮ፣ ቤቱ ባህር ስር ነበር፣ ማንንም ሳይነካ ይኖር ነበር። ሰሪዛዋ የአየር ቱቦውንና ገመዱን ራሱ ይቆርጣል፣ ምስጢሩ አብሮት እንዲቀበር። መርከቡ ላይ ያሉት ጋዜጠኞች ድል ድል እያሉ በማይክ ይጮሃሉ፣ ሙዚቃው ግን አያጅባቸውም። ወታደሮቹ ቆባቸውን አውልቀው ወደ ባህሩ ሲሰለፉ ያ የልጃገረዶቹ ዜማ ተመልሶ ይመጣል፣ አልበሙም እዛ ላይ ያልቃል። አንዴ ካለቀ በኋላ ቶሎ ሌላ ነገር አትክፈቱበት።